«የመታወቂያ ኮፒ በኢሜይል ላኩ» ማለት ይብቃ

«ሲቪ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድና የታደሰ መታወቂያ ስካን አድርጋችሁ በሚከተለው ኢሜይል ላኩ።» ይህን ማስታወቂያ ያላነበበ ሥራ ፈላጊ የለም። ክፍት መደቡ አንድ ነው፤ አመልካቹ ብዙ መቶ። አንዱ ይቀጠራል። የቀሩት «አልተሳካም» የሚል መልስ እንኳ አይደርሳቸውም፤ መታወቂያቸው ግን እዚያው ቤት ገብቶ ቀርቷል። ፎቶው፣ የአባትና የአያት ስሙ፣ የትውልድ ቀኑ፣ ወረዳውና የቤት ቁጥሩ፣ የአደጋ ጊዜ ተጠሪው ሳይቀር በአንድ የጂሜይል ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የሳጥኑን የይለፍ ቃል ጸሐፊዋ ታውቀዋለች፣ የሰው ሀብት ኃላፊው ያውቀዋል፣ ዓምና የለቀቀው ልጅም ያውቀዋል።

ይህ ጥሪ ስለዚያ ሳጥን ነው። «ተጠንቀቁ» የሚል ምክር ሰምተን ጠግበናል። ምክሩ ሁልጊዜ የሚሰጠው ለላኪው ነው፤ ላኪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምርጫ የለውም። ሥራ የሚፈልግ ወጣት «መታወቂያዬን በኢሜይል አልልክም» ቢል ማመልከቻው ወደ ጎን ይገፋል፤ ከኋላው የተሰለፉት ይልካሉና። ቤት የሚከራይ፣ ቪዛ የሚጠብቅ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስመዘግብም እንደዚያው ነው። ብቻውን እንቢ ያለ ሰው ዋጋውን ብቻውን ይከፍላል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠራት ያለበት ጠያቂው ነው። ጠያቂውስ ማን ነው? የሰው ሀብት ሠራተኛው፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝጋቢ፣ ኤጀንሲው፣ በየዓመቱ ታክስ የሚሠራልን ወንድም፣ «ፓስፖርትሽን ላኪልኝና ትኬቱን ልቁረጥልሽ» የሚለው የአጎት ልጅ። እኛው ነን። የምንጠይቀው እኛ ከሆንን፣ መጠየቁን ከኛ ሌላ የሚያቆመው ሰው የለም።

ኢሜይል ለምስጢር አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በኔትወርክ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የመጀመሪያውን መልእክት ሲልክ፣ በመስመሩ ላይ የነበሩት ጥቂት ተመራማሪዎች ነበሩ። በ1982 ጆናታን ፖስተል የጻፈው፣ መሠረቱ እስከ ዛሬ ድረስ መልእክቶቻችንን የሚያመላልሰው ደንብም መልእክቱን አይመሰጥርም ነበር፤ ላኪው «እኔ እገሌ ነኝ» ካለ ሥርዓቱ አምኖ ይቀበለው ነበር። ኋላ ላይ ብዙ ጥገና ተደርጎለታል። ዛሬ ከአንዱ ትልቅ አገልግሎት ሰጪ ወደ ሌላው የሚሄድ ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ ላይ ተመስጥሮ ነው የሚጓዘው። ይህን የሰሙ ሰዎች ልባቸው ያርፋል። የኔ ሥጋት ግን ከመንገዱ ይልቅ ማደሪያው ላይ ነው። የላካችሁት ፓስፖርት በራሳችሁ «የተላኩ» ክፍል ውስጥ አንድ ቅጂ አለው፤ በተቀባዩ ሳጥን ሌላ ቅጂ አለው፤ ተቀባዩ በስልኩም በላፕቶፑም ከፍቶት ከሆነ እዚያም አለ፤ ለአለቃው ፎርዋርድ ካደረገው ደግሞ እናንተ የማታውቁት ሦስተኛ ቤት ገብቷል። ሌባ ከነዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ቢከፈትለት ይበቃዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ቢሆንም የተነገረ ነገር ውሎ አድሮ ይረሳል። ይኸኛው ከ10 ዓመት በኋላም በመፈለጊያው ላይ «ፓስፖርት» ብሎ ለጻፈ ሰው በአንድ ሰኮንድ ይቀርብለታል።

ከኢሜይሉ በፊት ደግሞ ኮፒ ቤቱ አለ። ስለ ኮፒ ቤት ብዙ አይወራም፤ እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ጉዳይ እንደሱ ልብ ሊባል የሚገባው አለ ብዬ አላስብም። ሰውየው ፌስታል ውስጥ የያዛቸውን ወረቀቶች ያቀብላል። የሱቁ ልጅ አንድ በአንድ ስካን ያደርጋል። «በማን ኢሜይል ልላክልህ?» ሲለው «ባንተው ላከው» ይላል፤ የራሱን ኢሜይል የይለፍ ቃል ረስቶታል፣ ወይም ከመጀመሪያውም የለውም። ተልኮ ያልቃል፣ ሒሳቡ ይከፈላል። ፋይሉ ግን የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ከሌሎች መቶ ሰዎች ዲግሪ፣ የልደት ሰርተፊኬትና የጋብቻ ማስረጃ ጎን ተደርድሮ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ እስክሪኑ ላይ ያየዋል። ልጁ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ «አጥፋልኝ» ያለው ሰው ስለሌለ ነው።

ዲቪ በሚሞላበት ሰሞን ነገሩ ይብሳል። ብዙ ሱቆች ፎርሙን ሲሞሉ የአመልካቹን ሳይሆን የራሳቸውን ኢሜይል ያስገባሉ፤ የማረጋገጫ ቁጥሩም እነሱው ጋ ይቀራል። ዲቪ የደረሰው ሰው መድረሱን የሚያውቀው ሱቁ ሲነግረው ነው፤ ሱቁም ሊነግረው የሚፈልገው ከዋጋ ድርድር በኋላ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ «ደርሶሃል፣ ፓስፖርትህንና ክፍያውን ላክ» የሚሉ የሐሰት ኢሜይሎች አሉ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲቪ የደረሰውን ሰው በኢሜይል አያበስርም፤ ውጤቱ የሚታየው አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ የሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ይህን አንድ ነገር እንኳ ለጎረቤት ሁሉ ብንናገር ብዙ ቤት ከመዘረፍ ይድናል።

«ይህ የድሃ አገር ዝርክርክነት ነው» የሚል ካለ ወደ ለንደን እንሂድ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2021፣ ካቡል በታሊባን እጅ ከወደቀች ገና አንድ ወር አለፍ ሲል፣ የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ከጦሩ ጋር ሲሠሩ ለነበሩና ከአገር መውጣትን ለሚጠባበቁ አፍጋናውያን አንድ ኢሜይል ላከ። አድራሻቸው እርስ በርስ እንዳይተያይ «ቢሲሲ» በሚባለው ቦታ መግባት ሲገባው «ቱ» ላይ ገባ። የ245 ሰዎች አድራሻ ለ245ቱም ታየ፤ የ55ቱ ፎቶም ከአድራሻቸው ጎን ነበረ። ሁለት ሰዎች ደግሞ «ለሁሉም መልስ» የሚለውን ተጭነው መለሱ፤ አንዱ ያለበትን ቦታ ሳይቀር ጽፎ ነበር። የሚፈልጋቸው ጠላት ከተማውን በያዘበት ሰሞን ማለት ነው። የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር ቢሮ በዲሴምበር 2023 ሚኒስቴሩን 350,000 ፓውንድ ቀጣው።

ይህ ሳያንስ የባሰው ተከተለ። በፌብሩዋሪ 2022 አንድ የሚኒስቴሩ ባልደረባ የ150 ያህል አመልካቾችን መረጃ የያዘ የመሰለውን የኤክሴል ፋይል ከመንግሥት ሥርዓት ውጭ በኢሜይል ላከ። ፋይሉ ውስጥ ግን ወደ 19,000 የሚጠጉ አመልካቾች ነበሩ። በኦገስት 2023 ከዝርዝሩ ጥቂቱ ፌስቡክ ላይ ብቅ አለ። መንግሥት ደነገጠ፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ነገሩን ብቻ ሳይሆን እገዳ መኖሩንም ማውራት ከለከለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ አፍጋናውያን በምስጢር ወደ ብሪታንያ ተጓጓዙ። እገዳው የተነሣው ጁላይ 15 ቀን 2025 ነው። ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ከነበረው ብዙዎቹ አደጋ ላይ መሆናቸውን ሳያውቁ ከሦስት ዓመት በላይ ኖረዋል።

በነዚህ በሁለቱ ታሪኮች ውስጥ ሰርጎ ገብ የለም። ኮምፒውተር የሰበረ፣ የይለፍ ቃል የሰረቀ፣ ቫይረስ የላከ ማንም የለም። የሥራ ሰዓት ያጣደፋቸው ሠራተኞች ናቸው። የጦር ሠራዊት ያለው፣ የስለላ ድርጅት ያለው፣ ሕግና ተቆጣጣሪ ያለው መንግሥት በአንድ «ላክ» ቁልፍ እንዲህ ከሆነ፣ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግለው የማኅበራችን ጸሐፊ ምን ዋስትና አለው?

እስቲ የየራሳችንን ቤት እንይ። በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ፣ በቴል አቪቭ፣ በፍራንክፈርት፣ በሪያድ የአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ በዝርዝር ነው የሚኖረው። የእድር አባላት ዝርዝር አለ፤ ሰው ሲሞት ገንዘቡ የሚከፈለው ለማን እንደሆነ፣ ወራሹ ማን እንደሆነ ተጽፎበታል። የደብሩ ዝርዝር አለ፤ ማን ስንት አሥራት እንደሰጠ ያሳያል። ለታመመ ሰው የተዋጣ መዋጮ ዝርዝር አለ፤ ሕመሙ ምን እንደሆነም ጭምር። የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነላቸውን ሰዎች የያዘ ዝርዝርም አለ። እነዚህ ሁሉ ከጸሐፊ ወደ ጸሐፊ፣ ከሊቀ መንበር ወደ ሊቀ መንበር በአንድ ኤክሴል ፋይል ይተላለፋሉ፤ ከአራት ዓመት በፊት ተጣልቶ የወጣው ሊቀ መንበርም ቅጂው አሁንም አለው። ስንከፋፈል ደግሞ እንዴት እንደምንከፋፈል እናውቃለን።

መረጃችን ሲወጣ ከሌሎች ይልቅ እኛን የሚያጋልጥበት አንድ ምክንያት አለ። ስማችን ራሱ የትውልድ ሐረግ ነው። የአንድ ሰው ፓስፖርት የሦስት ትውልድ ስም ይሰጣል፤ ሙሉውን የማመልከቻ ፎርም ያገኘ ሰው የእናትንም ሙሉ ስም ያገኛል። በአሜሪካና በአውሮፓ ባንኮች ደግሞ «የእናትዎ የቤተሰብ ስም ማን ይባላል?» የሚለው የደኅንነት ጥያቄ ሆኖ ዓመታትን አስቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 ያሁ ሲዘረፍ የተወሰደው ይኸው ነበር፤ ስም፣ ስልክ፣ የልደት ቀን፣ ለአንዳንዱም የደኅንነት ጥያቄና መልሱ። መጀመሪያ አንድ ቢሊዮን ሰው ተባለ፤ በ2017 ኩባንያው የሁሉም ተጠቃሚዎች፣ ማለትም የሦስት ቢሊዮን አካውንት መረጃ መሆኑን አመነ። በዚያን ጊዜ ያሁ ያልነበረው ኢትዮጵያዊ የኢንተርኔት ተጠቃሚ ስንቱ ነው? የይለፍ ቃል ይቀየራል። የእናት ስም አይቀየርም።

አሁን ደግሞ ፋይዳ የተባለው የኢትዮጵያ ብሔራዊ መታወቂያ መጥቷል። ፋይዳ ጥሩ ነገር ነው፤ መታወቂያ ያልነበረውን ሰው ሰው አድርጎታል፣ የባንክ ደብተር ለማውጣትም ይጠየቃል። ግን ልብ በሉ፤ ከአንድ የቀበሌ መታወቂያ ይልቅ የብዙ በሮች መክፈቻ የሆነ አንድ ቁጥር በእጃችን ገብቷል። ያንን ካርድ ፎቶ አንስቶ ለማይታወቅ ኢሜይል መላክ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ እንደ ድሮው ቀላል ስሕተት አይደለም።

በኢሜይል የሚመጣውን አደጋ ደግሞ ዲያስፖራው በራሱ ላይ ደርሶ አይቶታል። በሜሪላንድ የሚኖር፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የአሜሪካ ዜጋ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም የቀረበ ሰው ነበር። አንድ የሚያውቀው ሰው ፎርዋርድ ያደረገለትን ኢሜይል አባሪ ከፈተ። አባሪው ውስጥ የስለላ ፕሮግራም ነበር። በክሱ መሠረት ፕሮግራሙ ከ2012 መጨረሻ እስከ 2013 መጀመሪያ የስካይፕ ንግግሩን፣ ኢሜይሎቹን፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ያደረገውን የኢንተርኔት ፍለጋ ሳይቀር ቀድቷል። በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በማርች 2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የድርጊቱ ከፊል የተፈጸመው ከአሜሪካ ውጭ ስለሆነ ሌላ መንግሥትን በዚህ መክሰስ አይቻልም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርኩን ጃዋር መሐመድን ጨምሮ በውጭ ያሉ ሰዎች በተመሳሳይ የኢሜይል ወጥመድ ዒላማ መሆናቸውን ይፋ አደረገ። መንግሥት ይቀየራል፣ የሚሰለለውም ወገን ይቀየራል፤ ነገ ተራው የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ከኪዳኔ ታሪክ ውስጥ ለኔ የሚከብደው ፎርዋርድ ያደረገለት ሰው ነገር ነው። የሚያውቀው ሰው ነበር፤ ምናልባት ያም በየዋህነት ነበር የላከው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ አለበለዚያ ጥሪው ጭካኔ ይሆናል። በዓረብ አገር ያለች እህታችን ፓስፖርቷን አሠሪዋ ነጥቆ ቆልፎበታል። የማንነቷ ብቸኛ ማስረጃ ከመሄዷ በፊት ለወንድሟ በኢሜይል የላከችው ኮፒ ሊሆን ይችላል። ቆንስላ ስትደርስ፣ ከመጠለያ ወደ አገሯ ስትመለስ የሚያድናት ያ ኮፒ ነው። «ሁሉንም አጥፉ» የሚል ሰው ይህችን ልጅ አያውቃትም። ለሷ የሚሻለው መልስ፣ ኮፒው በአንድ የታመነ የቤተሰብ ሰው ዘንድ፣ በባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በተቆለፈ አንድ ቦታ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው፤ በኤጀንሲው፣ በደላላው፣ በሁለተኛው ደላላና በጎረቤት ልጅ ሳጥን ውስጥ ከተበተነ ግን እሷን አያድናትም፣ ሌላውን ያበለጽጋል። የማረጋገጫ መልእክቱ የሚመጣበት ስልክም ይታሰብበት። ሰው ከአገር ወጥቶ የኢትዮጵያ ሲሙ ሲዘጋ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ የኢሜይሏ ቁልፍ ያን ጊዜ በማታውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

ሕጉስ? ሕግ አለን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለተወሰነ ዓላማ፣ ለዓላማው በሚያስፈልገው ልክ ብቻ፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ ሳያስረዝም እንዲይዝ ያዛል፤ መረጃው ካፈተለከም ማሳወቅ ግዴታው ነው። ባለመረጃው ስለኔ ምን ይዛችኋል ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። በአውሮፓ ያላችሁ ከሜይ 2018 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ይህንኑና መረጃን የማስጠፋት መብትን ይሰጣችኋል። በእስራኤል የ1981ዱ የግላዊነት ሕግ በኦገስት 2025 ጥርስ አብቅሏል። በአሜሪካ አገር አቀፍ የሆነ አንድ ወጥ ሕግ የለም፤ ሆኖም በክፍያ ታክስ የሚሠራ ሰው የደንበኞቹን መረጃ እንዴት እንደሚጠብቅ የሚገልጽ የጽሑፍ ዕቅድ እንዲኖረው በፌዴራል ደንብ ይገደዳል። አንድ ሰው «ሶሻልህንና ደብሊው ቱህን በኢሜይል ላክልኝ» ካለህ ዕቅዱን እንዲያሳይህ ጠይቀው። የአሜሪካ የገቢ መሥሪያ ቤት ለማንኛውም ጠያቂ በየዓመቱ የሚቀየር ባለ ስድስት አሃዝ መለያ በነጻ እንደሚሰጥም እወቅ፤ ያን ቁጥር ያልያዘ ሌባ በስምህ ታክስ በኢንተርኔት ሊያስገባ አይችልም። ወረቀት ላይ የተጻፈ መብት ግን የሚነቃው ብዙ ሰው ሲጠራው ነው። አንድ ሰው ቢጠይቅ አስቸጋሪ ይባላል። አርባ ሰው በአንድ ሳምንት ቢጠይቅ አሠራር ይቀየራል።

የሰው ሀብት ሠራተኞች ሆይ፣ ሥልጣኑ በእጃችሁ ነው፤ የዲሬክተር ፊርማም አያስፈልገውም። የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ስታወጡ «የመታወቂያ ኮፒ» የሚለውን ሰርዙት። ለማጣራት ሲቪው ይበቃችኋል። መታወቂያውን ለፈተና ሲመጣ ተመልከቱት፣ ኮፒውን ከተቀጠረ በኋላ በአካል ተቀበሉት። ያልተቀጠሩትን ሰዎች ሰነድ አጥፉና ማጥፋታችሁን ንገሯቸው። ይህች አንዲት መስመር ደብዳቤ ለአንድ ወጣት የምትሰጠውን ክብር ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ይረዳታል።

ኮፒ ቤት ያላችሁ፣ «የደንበኛ ፋይል በየማታው ይጠፋል» ብላችሁ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ፣ አጥፉም። ደንበኛ ይበዛላችኋል እንጂ አያንሳችሁም። ቀድሞ የለጠፈ ሱቅ ያለበት ሰፈር ላይ ሌሎቹ ሳይወዱ ይከተላሉ። ደንበኞችም ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት «አጥፋልኝ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያውም፣ ከላክህበት ኢሜይልም» በሉ። ሁላችንም ካልነው ነውር መሆኑ ይቀራል።

ኮምፒውተር የተማራችሁ ወጣቶች ደግሞ ለዚህ ትውልድ አንድ ዕዳ አለባችሁ። ከኢሜይል የሚሻለው አማራጭ ለናንተ ቀላል ነው፤ ለእድር ጸሐፊው ግን አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጣችሁ አሳዩት። ሰነድ የግድ በኢንተርኔት መሄድ ካለበት፣ በስሙ የተፈቀደለት ተቀባይ ብቻ የሚገባበት፣ ሥራው ሲያልቅ በሩ የሚዘጋ የክላውድ ፎልደር ይከፈታል፤ ወይም ፋይሉ ተቆልፎ ይላክና ቁልፉ በስልክ፣ በድምፅ ይነገራል። ቁልፉን በዚያው ኢሜይል ሥር የሚጽፍ ሰው ባይቆልፍ ይሻለው ነበር። ኮፒው ላይ በአግድም፣ ፎቶውንም አቋርጦ «ለእገሌ ድርጅት ለሥራ ቅጥር ብቻ» ተብሎ ከነቀኑ ይጻፍበት፤ የማያስፈልገው ቁጥር ይሸፈን። የኔዘርላንድ መንግሥት ይህን የሚሠራ አፕ ለዜጎቹ አውጥቷል፤ በአማርኛ፣ ስልካችን ላይ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ተመሳሳይ አፕ ለመሥራት ምን ያግዳችኋል? የጂሜይልን «ምስጢራዊ» የሚባል አማራጭ ግን አትመኑት፤ ስክሪን ፎቶ ይነሣበታል፣ ጎግልም ሊያነበው ይችላል።

ቤት ያላችሁትም ሥራ አላችሁ። ዛሬ ማታ የየራሳችሁን ሳጥን ከፍታችሁ «ፓስፖርት»፣ «መታወቂያ»፣ «ስካን» ብላችሁ ፈልጉ፤ በእንግሊዝኛውም ፈልጉ። የሚወጣውን ስታዩ ትደነግጣላችሁ። የራሳችሁን የሚጠቅማችሁን አውጥታችሁ አስቀምጡ፣ የቀረውን አጥፉ፤ የሌሎች ሰዎች ሰነድ ከሆነ ደግሞ ያለማመንታት አጥፉ፣ እናንተ ጋ መኖሩ ለነሱ አደጋ ነውና። ከዚያ ለላካችሁላቸው ድርጅቶች ሁሉ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ «በዚህ ቀን የላክሁላችሁ የመታወቂያ ኮፒ ዓላማው ስላበቃ እንድታጠፉልኝና እንድታረጋግጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ብዙዎቹ አይመልሱ ይሆናል። ደግማችሁ ጻፉ።

ለማኅበራት ያለኝ ጥያቄ ግን በጽሑፍ ይግባ፤ በቃል የተባለው በሚቀጥለው ስብሰባ ይረሳልና። በእድራችሁ፣ በደብራችሁ ሰበካ ጉባኤ፣ በመስጊዳችሁ ኮሚቴ፣ በዕቁባችሁ፣ በአገር ቤት ተወላጆች ማኅበራችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ አጀንዳ አስይዙ። ቃለ ጉባኤው ላይ ይህን ጻፉ፣ እንደሚስማማችሁም አሻሽሉት፦

«ማኅበራችን ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውንም አባል የመታወቂያ፣ የፓስፖርት ወይም የፋይዳ ኮፒ በኢሜይል እንዲልክ አይጠይቅም። መታየት ያለበት መታወቂያ በአካል ወይም በቪዲዮ ጥሪ ይታያል፤ ያየው ሰው ስምና ቀን ይመዘገባል፤ ኮፒ አይያዝም። ሕግ የግድ ኮፒ ሲያዝ ኮፒው በአንድ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጣል፤ የሚከፍቱትም ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ለአባላት የሚላክ ኢሜይል አድራሻዎች ሳይተያዩ ይላካል። የአባላት ዝርዝር በኢሜይል አይተላለፍም። እስከ ዛሬ የተሰበሰቡ ኮፒዎች ከማኅበሩ ሳጥን፣ ከጸሐፊው ስልክና ከቀድሞ ኃላፊዎች ኮምፒውተር በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲጠፉ፣ መጥፋታቸውንም በጠቅላላ ጉባኤው የተመረጡ ሁለት አባላት በዓይናቸው አይተው እንዲፈርሙ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»